ጠያቂ የሌለው ምርኮኛ

አንባቢ ሆይ፥ ከወረታ ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ የፎገራን ሜዳ በግራው እያየ የርብን ወንዝ ይሻገራል፤ አዲስ ዘመንንም ካለፈ በኋላ ወደ ደጋው ሲወጣ ቍልቋል በር ከሚባለው ስፍራ ይደርሳል። በዚህ በር በ1934 ዓ.ም. በኅዳር ወር ብርቱ ጦርነት ሆነ። ምሽጉን የያዙት ኢጣልያኖች ነበሩ፤ ከእነርሱም ጋራ ዛፕትዬ የተባሉ ጥቁር ፖሊሶችና ሌሎች የቅኝ አገር ወታደሮች አብረው ተከበው ነበር። ከውጭ ሆነው የወጉት እንግሊዞች ነበሩ፤ ከእነርሱም ጋራ ከምሥራቅ አፍሪቃ የመጡ ጥቁር ወታደሮችና ያገራችን አርበኞች ተሰልፈው ነበር። ምሽጉ ኅዳር 12 ቀን፥ በኅዳር ሚካኤል ዕለት፥ ተያዘ። ከስድስት ቀንም በኋላ በጎንደር የነበረው የኢጣልያ ጦር እጁን ሰጠ።

ይህን የማነሣው የጦር ወሬ ላወራህ ብዬ አይደለም። በዚያ ተራራ ላይ ከሁለቱም ወገን ጥቁር ሰው እንደ ሞተ እንድታስብ ብዬ ነው። ካራቢኒየሪ የተባለው የኢጣልያ የፖሊስ ጦር ያን ቀን እስከ ዛሬ ድረስ በየዓመቱ ያስበዋል። ነገር ግን ከእነርሱ ጎን የወደቀውን የዛፕትዬ ስም፥ ወይም ከሩቅ አገር መጥቶ በእኛ መሬት የቀረውን የምሥራቅ አፍሪቃ ወታደር ስም፥ ከእኛ መካከል የሚያውቅ ማን ነው?

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ሌላ ሰው ባነሣው ጦርነት በደመወዝ ወይም በግድ የተሰለፈ፥ ቢማረክም ንጉሥ የማይጠይቅለት፥ መንግሥትም ገንዘብ የማይከፍልለት ሰው በእጃችን በወደቀ ጊዜ፥ ክርስቲያን ነን የምንል ምን ልናደርግ ይገባናል? የዚህን መልስ በባዕድ አገር ታሪክ ብቻ መፈለግ አያሻንም። የገዛ ታሪካችን አንድ ገጽ አለው፤ ልንገልጠው ስንል ግን እጃችን ይዘገያል።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የሆነውን ሁሉ ታውቃለህ። የኢትዮጵያ ሠራዊት ከ17,000 የሚበልጠውን የኢጣልያ ጦር ድል ነሣ። በዚያ የኢጣልያ ጦር ውስጥ አስካሪ የሚባሉ ያገር ተወላጅ ወታደሮች በብዛት ነበሩ። ጄኔራል አልቤርቶኔ የመራው ክፍል 4,000 ያህል ሰው ነበረበት፤ የሚበልጠውም አስካሪ ነበረ። ይህ ክፍል መንገዱን ስቶ ከሌላው ጦር ርቆ ቀደመ፤ ያገራችንም ጦር በመጀመሪያ የወደቀው በእርሱ ላይ ነበረ። አልቤርቶኔ ራሱ ተማረከ። ከ1,500 የሚበልጡ ኢጣልያኖችና ብዙ አስካሪዎችም ተማረኩ።

ከዚህ በኋላ የምርኮኞቹ ዕድል በሁለት ተከፈለ። ነጮቹ ወደ ሸዋ ተወሰዱ። ጒዞው ረጅምና አስቸጋሪ ስለ ነበረ በመንገድ የሞቱ ነበሩ፤ የደረሱት ግን በየመኳንንቱ ቤት ተከፋፍለው እንጀራ እየበሉ ተቀመጡ። ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የዕርቅ ውል ሲጻፍ ስለ እነርሱ ልዩ ስምምነት ተደረገ፤ ኢጣልያም ስለ ማቆያቸው የወጣውን ገንዘብ ለመክፈል ተስማማች። አልቤርቶኔም ሁለት እጁና ሁለት እግሩ ደኅና ሆኖ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ስለ አስካሪዎቹ ግን ሌላ ፍርድ ተፈረደ። ጸሐፊዎች 800 ያህል ብለው የሚቈጥሯቸው ሰዎች ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቈረጠ። ብዙዎቹ ደማቸው ፈሶ በዚያው ሞቱ። ዋይልድ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ከወራት በኋላ ወደ ስፍራው ሄዶ የተቈረጠው እጅና እግር ተከምሮ እንዳየ በመጽሐፉ ጽፏል። አንባቢ ሆይ፥ እስቲ ቆም ብለህ ይህን አስብ። አዛዡ በቅሎ ተጭኖለት ወደ አገሩ ሄደ፤ ያ አዛዥ ወደ ጠፋ መንገድ የመራው ወታደር ግን በበትር እየተደገፈ በአንድ እግሩ ቀረ።

ስለ ምን እንደዚህ ሆነ? መልስ የሚሰጡ ሰዎች የሚናገሩት ከንቱ ቃል አይደለም፤ ስለዚህ በትዕግሥት እንስማቸው።

በመጀመሪያ እንዲህ ይላሉ፤ ኢጣልያዊው ለገዛ ንጉሡ ተዋጋ፤ አስካሪው ግን ወገኑን ከዳ፤ የጠላትና የከሐዲ ቅጣት እኩል ሊሆን አይገባም። ይህ ቃል ለጆሮ የቀና ነው። ነገር ግን ያ አስካሪ ማን እንደ ነበረ እንመርምር። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ጥቂት ዓመታት ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ አገሪቱን አጥፍቶ ነበር። የፎገራ ሰው የከብትን ነገር ያውቃልና በሬ የሌለው ገበሬ ምን እንደሚሆን ልነግረው አያስፈልግም። ከብት ፈጅ የሆነው በሽታ ኢጣልያኖች ለጦራቸው ስንቅ ብለው በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋራ እንደ መጣ ይጻፋል። በሬው የሞተበት የገበሬ ልጅም ከዚያው ጦር ደጅ ሄዶ ደመወዝ ለመነ። የራበው ልጅ ጠመንጃ ሲሰጡት የያዘው መንግሥት ሊገለብጥ አስቦ አይደለም፤ ለእናቱ እህል ሊሸምት ነው።

ደግሞም ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ በተጻፈው ውል አሥመራና በዙሪያዋ ያለው ደጋ ለኢጣልያ ተለቆ ነበር። ከአስካሪዎቹ አንዳንዶቹ ከመረብ ወዲህ የመጡ ነበሩ፤ ብዙዎቹ ግን ከመረብ ማዶ ያሉ ሰዎች ነበሩ። ነገሥታት በወረቀት ላይ ለሌላ የሰጡት ሰው ለተሰጠው ጌታ ባገለገለ ጊዜ ከሐዲ ብቻ ተብሎ ሊጠራ ይገባዋልን? እጁ የተቈረጠው ወታደር ያን ውል አላነበበም፤ ማኅተሙንም አላየም። ዕዳውን ግን በሥጋው ከፈለ።

ሁለተኛም እንዲህ ይላሉ፤ ምሕረት ተደርጎላቸው ነበር፥ እነርሱ ግን ተመልሰው መጡ። ይህም እውነት አለበት። በዚያው ዓመት በጥር ወር በመቀሌ ምሽግ የተከበበው ጦር፥ ኢጣልያዊውም አስካሪውም፥ ከነመሣሪያው በሰላም እንዲወጣ ዳግማዊ ምኒልክ ፈቅደውለት ነበር። ያ ምሕረት እጅግ የከበረ ሥራ ነበረ፤ ንጉሠ ነገሥቱም መማርን ያውቁ እንደ ነበር ይመሰክራል። ከዚያ የወጣው ጦርም በዐድዋ እንደ ገና ተሰለፈ። ነገር ግን ማን መልሶ አመጣው? አዛዡ ሻለቃ ጋሊያኖ ነበረ፤ እርሱም በዐድዋ ሞተ። ወታደር ወደ ሰልፍ የሚሄደው በገዛ ምክሩ አይደለምና፥ የተመለሰበት በደል ከሁሉ በፊት በመለሰው ላይ ነው። ኢጣልያኖቹም ያንኑ ምሕረት ተቀብለው ያንኑ ጦርነት ተዋግተዋል፤ በዚህ ምክንያት ግን ከእነርሱ የማንም እጅ አልተቈረጠም።

ሦስተኛም እንዲህ ይላሉ፤ እጅና እግር መቍረጥ ለወንበዴና ለዐመፀኛ የቆየ ያገር ሕግ ነበረ። አዎን፥ ነበረ። ነገር ግን ሕግ የእያንዳንዱን ሰው ነገር ለይቶ ይመረምራል፤ ማን በግድ እንደ ሄደ፥ ማን ስለ ረኃብ እንደ ሄደ፥ ማንስ ወገኑን ለመጕዳት ወድዶ እንደ ሄደ ይጠይቃል። ብዙ መቶ ሰው በአንድ ቀን በአንድ ቃል ሲቀጣ ግን የሚናገረው የሕግ ቃል ሳይሆን የቍጣ ቃል ነው። ቍጣው ምክንያት ነበረው፤ የሞተ ወንድሙን ሳይቀብር የቆመ ሠራዊት ልቡ እንዴት እንደሚነድ እናውቃለን። የቍጣውን ምክንያት ማወቅ ግን ሥራውን ጻድቅ አያደርገውም።

እንግዲህ እነዚህን ሦስት መልሶች ከመዘንን በኋላ አንድ ነገር ይቀራል፤ እርሱም ከሁሉ ይከብዳል። ነጩ ምርኮኛ ጠያቂ ነበረው። ከባሕር ማዶ ንጉሥ፥ ጋዜጣ፥ የጦር መርከብና ገንዘብ ነበረው። ጥቁሩ ግን ጠያቂ አልነበረውም። ጌቶቹ በዕርቁ ጊዜ ነገሩን በወረቀት አጻፉ፤ እጁን ግን ማንም ሊመልስለት አልቻለም። በአንዱ ላይ የታየው ርኅራኄ ከነሒሳቡ ነበረ ማለት ነው። የሚጠየቅበትን ሰው መጠበቅ ብልኅነት ነው፤ ጠያቂ የሌለውን ሰው መጠበቅ ግን ምሕረት ነው። ምሕረታችንን የምንመዝንበት ሚዛን ይህ ብቻ ነው።

ይህም በዐድዋ የጀመረ አይደለም። በደብረ ታቦር የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ከተማዋን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተጓዙ። መቶ የማይሞሉ አውሮፓውያን በእጃቸው ነበሩና እነርሱን ለማስፈታት ከእንግሊዝና ከህንድ 13,000 ያህል ወታደር ባሕር ተሻግሮ መጣ። አውሮፓውያኑ በሕይወት ተለቀቁ። ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ግን ቍጥራቸው ከመቶ የሚበልጥ ያገር ተወላጅ እስረኞች በዚያው አምባ ተገደሉ፤ ወደ ገደልም ተጣሉ። እህልና ውሃ ለምነው ስለ ጮኹ ንጉሡ እንደ ተቈጡ ይጻፋል። ስለ እነዚህ እስረኞች ከየትም አገር መርከብ አልተነሣም። ዛሬም የተፈቱትን አውሮፓውያን ስም በመጻሕፍት ታገኛለህ፤ የእነዚያን ስም ግን ፈልገህ ድከም።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ስናነብብ ነጮቹ መንግሥታት ከእኛ ይሻላሉ ብለህ እንዳታስብ። እነርሱስ የገዛ አገልጋዮቻቸውን ምን አደረጉ? በፈረንጆች ቍጥር ከ1914 እስከ 1918 በምሥራቅ አፍሪቃ በሆነው ጦርነት እንግሊዞች ስንቅና ጥይት የሚሸከሙ እጅግ ብዙ አፍሪቃውያንን ሰበሰቡ፤ ከእነርሱም ከ40,000 በላይ በረኃብና በበሽታ አለቁ። በናይሮቢ ካሪያኮር የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚያ የተሸካሚዎች ጦር ነው። የነጩ ወታደር መቃብር በድንጋይ ላይ ስሙ ሲጻፍበት የብዙዎቹ ተሸካሚዎች ስም ሳይጻፍ ቀረ። ይህንም የጦር መቃብር ጠባቂው ማኅበር ራሱ መርምሮ በ2021 በይፋ አመነ፥ ይቅርታም ጠየቀ።

በ1940 በሰኔ ወር ጀርመኖች በፈረንሳይ አገር፥ በሻስሌ፥ እጃቸውን የሰጡትን የፈረንሳይ ጦር ወታደሮች ከማረኩ በኋላ ጥቁሮቹን ከነጮቹ ለይተው ረሸኗቸው። ከሌላ ስፍራ ተማርከው የተረፉት አፍሪቃውያን ደግሞ ወደ ሴኔጋል ተመልሰው የቀረባቸውን ደመወዝ ቢጠይቁ፥ በ1944 ታኅሣሥ ገደማ በቲያሮይ ሰፈር የገዛ ጌታቸው የፈረንሳይ ጦር ተኰሰባቸው። የጠላት ጥይት ያልገደለው ሰው ደመወዙን ስለ ጠየቀ ተገደለ።

በአገራችንም ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. ዳግመኛ በመጣ ጊዜ ያደረገው የታወቀ ነው። የራስ ካሣ ልጆች አበራና አስፋ ወሰን ትድናላችሁ በተባለ ተስፋ እጃቸውን ቢሰጡ በ1929 ዓ.ም. በፍቼ ተገደሉ። ራስ ደስታ ዳምጠውም በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ተማርከው ተረሸኑ። በግንቦትም የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ለማስፈጀት ኢጣልያኖች ከሌላ ቅኝ አገር ያመጧቸውን ወታደሮች መሣሪያ አደረጓቸው። ክፋትን የሚያዝዝ ሰው ደሙ በሌላው እጅ ላይ እንዲታይ ይወድዳል፤ ስለዚህ የቅኝ ገዢ ጦር ሁልጊዜ ከፊቱ የሚያሰልፈው የድሀ ልጅ አለው። እኛም በተራችን ቂማችንን በዚያ በድሀው ልጅ ላይ ብቻ ብንወጣ የገዢውን ሥራ ጨረስንለት ማለት ነው።

ስለ ምርኮኛ የተጻፈ አንድ ጥንታዊ ታሪክ በመጻሕፍተ ነገሥት ውስጥ አለ። የሶርያ ጦር ነቢዩን ኤልሳዕን ሊይዝ መጥቶ ዐይኑ ታወረ፤ ተመርቶም በሰማርያ ከተማ መካከል ገባ። የእስራኤል ንጉሥ ባያቸው ጊዜ ልምታቸውን ብሎ ነቢዩን ጠየቀ። ነቢዩ ግን ከለከለው፤ እንጀራና ውሃ አቅርብላቸው፥ ከዚያም ወደ ጌታቸው ስደዳቸው ብሎ መከረው። ንጉሡም ታላቅ ግብዣ አደረገላቸው። የዚያ ታሪክ ፍጻሜ ያደባ የነበረው ጭፍራ ከዚያ ወዲያ ወደ እስራኤል አገር አለመመለሱ ነው። ልብ በል፤ በዚያ ማዕድ ላይ ጭፍራውና አለቃው አልተለዩም። አንዱ ለጌታው ውድ ነው፥ ሌላው ርካሽ ነው ተብሎ እንጀራው አልተከፈለም።

በአገራችንም እንዲህ ያለ ቃል ተሰምቷል። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ በገቡ ጊዜ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ፥ በኢጣልያኖችም ላይ ግፍ እንዳይሠራ አዘዙ። ይህ ቃል ታላቅ ነበረ፤ ብዙ ነፍስም አድኗል። ነገር ግን ምሕረቱን ለሩቁ ብቻ ሰጥተን ለቅርቡ እንዳንነፍገው መጠንቀቅ ይገባናል። ሰው የባዕዱን በደል በቶሎ ይረሳል፤ የወንድሙን ግን እስከ ልጅ ልጅ ያወርሳል። ኢጣልያዊው ካገራችን ሲወጣ በር የተከፈተለት ሲሆን፥ ስንት ቤተ ሰብ ነው አያቱ ለጠላት አድሮ ነበርና ባንዳ እየተባለ በገበያና በማኅበር አንገቱን ደፍቶ የኖረው?

እንግዲህ ምን እናድርግ? ወታደር ያልሆንህ አንባቢ ሆይ፥ ይህ ነገር እኔን አይመለከተኝም አትበል። በዘመናችንም ጦርነት በዚህ ምድር አልፏል፤ ምርኮኛም በከተማ መካከል ሲነዳ ያየ ዐይን በመካከላችን አለ። በዚያች ሰዓት በመንገድ ዳር የቆመ ሁሉ ዳኛ ነው፤ ድንጋይ ያነሣል፥ ወይም ውሃ ያቀብላል፥ ወይም ዝም ይላል። ስለዚህ ሦስት ነገር እመክርሃለሁ።

አንደኛ፥ በእጅህ የወደቀውን ሰው ስሙንና አገሩን ጠይቀው። ስም ያለው ሰው እናት ያለው ሰው መሆኑን ልብህ ያን ጊዜ ያውቃል።

ሁለተኛ፥ የአዛዡን በደል በታዛዡ ላይ አትወጣ። በደለኛ ቢሆን እንኳ በራሱ ሥራ ልክ በዳኛ ፊት ይጠየቅ፤ ለታላቁ በተደረገው ምሕረትና ለታናሹ በሚደረገው ቅጣት መካከል ያለውን ርቀት ሁልጊዜ ለካ።

ሦስተኛ፥ ጠያቂ ቢኖረው ኖሮ የማታደርግበትን ነገር ጠያቂ ስለሌለው አታድርግበት። ይህ ትእዛዝ ለጦር ሜዳ ብቻ አይደለም። በቤትህ ያለችው ሠራተኛ ዘመዶቿ ሩቅ ናቸው፤ የሩዝ አጨዳ ሲደርስ ወደ ፎገራ የሚመጣው የቀን ሠራተኛ በወረታ ገበያ ዋስ የለውም፤ ደጅህን የሚጠብቀው ዘበኛ ቢታመም ማን እንደሚጠይቅልህ አታውቅም። እነዚህ ሁሉ በሰላም ጊዜ በእጅህ ያሉ ምርኮኞች ናቸው። ባለጠጋ ደንበኛህን እንዴት እንደምትቀበል ሰው ሁሉ ያያል፤ እነዚህን እንዴት እንደምትይዝ ግን የሚያይህ እግዚአብሔር ነው።

ተማሪ የሆንህ ደግሞ የዐድዋን ታሪክ ስታነብብ ያን ገጽ አትዝለለው። እርሱን በማንበብህ ድሉ አያንስም። ድሉ ለጥቁር ሕዝብ ሁሉ መብራት ሆኗል፤ መብራት ግን ሲበራ የቤቱን ጥግ ሁሉ ያሳያል፥ በጥግ ያለውንም እድፍ አይሸሽግም። እድፉን አይቶ መጥረግ የባለቤቱ ሥራ ነው።

ወደ ጎንደር ስትሄድ በቍልቋል በር ባለፍህ ጊዜ ለአንድ አፍታ ቁም። በዚያ ካሉት ሙታን መካከል ማንም ያልጠየቀው ሰው አለ። ስሙን አታውቀውም፤ ለማን እንደ ተሰለፈም ላታውቅ ትችላለህ። እግዚአብሔር ግን ቃየልን በጠየቀበት ጥያቄ ስለ እርሱም ይጠይቃል። ያን ጊዜ መልስ እንዲኖርህ፥ ዛሬ በእጅህ ያለውን ጠያቂ የሌለውን ሰው ጠይቀው።